ሰፈሩ ሳይፈርስ ሰፋ አድርገን እናንሳው

ከኛ መሀል አገር ቤት ሄዶ በስልኩ ሁለት ሦስት ሺህ ፎቶ ሳያነሳ የሚመለስ ያለ አይመስለኝም። ቦሌ የተቀበሉንን ዘመዶች፣ ሠርጉን፣ ክትፎውን፣ የአክስት ልጆችን ሁሉ እናነሳለን። በነዚያ ሁሉ ፎቶዎች ውስጥ ግን ሰፈሩ ራሱ የለም። ካለም ከሰው ትከሻ ጀርባ ደብዝዞ ነው፤ የዘንድሮዎቹ ስልኮችማ «ፖርትሬት» እያሉ ሆን ብለው ያደበዝዙታል።

እዚህ ቶሮንቶ ሶፍትዌር እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ። ትርፍ ጊዜዬን የምጨርሰው ደግሞ ትልልቅ ፓኖራማ ፎቶ በማንሳትና በማሳተም ነው። ብዙ ጓደኞቼ ይህን የሀብታም ጨዋታ አድርገው ያዩታል። እኔ ግን አዲስ አበባ በዚህ ፍጥነት በምትለወጥበት ዘመን ለእኛ ለውጭ ነዋሪዎች ከዚህ የሚጠቅም የትርፍ ጊዜ ሥራ ጥቂት ነው ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ቶሮንቶ የመጀመሪያ ፎቶዋን እንዴት አገኘች?

ከሚታወቁት የቶሮንቶ ፎቶዎች ሁሉ ቀደምት የሚባሉት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1856 ማብቂያ ወይም በ1857 መጀመሪያ ላይ የተነሱ ናቸው። ያነሳቸው «አርምስትሮንግ፣ ቢርና ሃይም» የተባለ ድርጅት ነው። ሰዎቹ ምህንድስናንም ፎቶግራፍንም አንድ ላይ የሚሠሩ ነበሩ። ኪንግና ዮርክ መንገዶች በሚገናኙበት ጥግ በነበረው ሮሲን ሐውስ ሆቴል ጣሪያ ላይ ወጡና ካሜራቸውን ዙሪያውን እያዞሩ 13 ፎቶ አነሱ። ፎቶዎቹ ጎን ለጎን ሲደረደሩ የያኔዋ ከተማ በሙሉ ትታያለች።

ያኔ ፎቶ ማንሳት ማለት መስታወት ላይ ኬሚካል ቀብቶ፣ ሳይደርቅ አንስቶ፣ ሳይደርቅ ማጠብ ማለት ነው። ያንን ጣሪያ ላይ 13 ጊዜ መደጋገም ቀላል ድካም አልነበረም።

የደከሙበትም ምክንያት ነበራቸው። ጊዜው የካናዳ ቋሚ ዋና ከተማ የት ይሁን የሚባልበት ነበር። ቶሮንቶም ምረጡኝ ብላ ለንደን ከላከችው ማመልከቻ ጋር ፎቶዎቹን አያይዛ ላከች። ንግሥት ቪክቶሪያ ግን ኦታዋን መረጠች። ፎቶዎቹ ለንደን በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ከመቶ ዓመት በላይ ተቀምጠው በ1979 ተገኙ። ሆቴሉ ዛሬ የለም። ከጣሪያው ላይ ይታዩ ከነበሩት ቤቶችም አብዛኞቹ የሉም። ለዋና ከተማነት ፉክክር የተነሳው ፎቶ ግን ማንም ባላሰበው መንገድ የከተማዋ የልደት ፎቶ ሆኖ ቀረ።

ሌላም ልጨምር። በ1911 ቶሮንቶ አርተር ጎስ የተባለን ሰው የከተማው ፎቶ አንሺ አድርጋ ቀጠረች። ጎስ ካነሳቸው አንዱ «ዘ ዋርድ» የሚባለው ድሃ የስደተኞች ሰፈር ነው፤ ጓሮውን፣ የተሰጣውን ልብስ፣ በር ላይ የቆሙትን ልጆች ሳይቀር አንስቷል። ያ ሰፈር ፈርሷል። ዛሬ ባንዲራ ይዘን የምንሰለፍበት ኔታን ፊሊፕስ አደባባይ ያረፈው እዚያው መሬት ላይ ነው። ሰፈሩ ምን ይመስል እንደነበር ማየት የፈለገ ግን የከተማዋ ቤተ መዛግብት ሄዶ ያያል።

የእኛስ?

በጥር 2015 ለጥምቀት አዲስ አበባ ነበርኩ። ፒያሳ አንድ ሕንፃ ላይ ጥበቃውን አስፈቅጄ ጣሪያው ላይ ወጣሁና በአንድ ዙር 10 ፎቶ አነሳሁ። በ2016 ያ የቆርቆሮ ባሕር በአብዛኛው ተነሳ፤ ዶሮ ማነቂያ የሚባለው ሰፈር ፈረሰ። በ2017 ደግሞ ተራው የካዛንቺስ ሆነ።

ፎቶው አሁን ሳሎናችን ውስጥ 2 ሜትር ከ40 ሆኖ ተሰቅሏል። ባለፈው ፋሲካ የጓደኛዬ እናት ቤታችን መጥተው ቡናው ሳይፈላ ግድግዳው ጋ ሄደው ቆሙ። መነጽራቸውን አውጥተው መጀመሪያ ጊዮርጊስን ፈለጉ። ከጊዮርጊስ በጣታቸው እየወረዱ፣ እየተሳሳቱ፣ እየተመለሱ ቆይተው «ይኸውልህ ልጄ፣ የኛ ቆርቆሮ! ይቺ ዝገቷ!» አሉ። ከዚያ በኋላ ቡናውም ቀዘቀዘ። ከግራ የማን ቤት እንደነበረ፣ ዕቃ የሚያበድረው ባለ ሱቅ በየት በኩል እንደነበረ፣ ለቅሶ ሲሆን ድንኳኑ የት እንደሚጣል ሁሉን ነገሩን። ልጃቸው ከነገሩን ግማሹን ከዚያ በፊት ሰምቶት አያውቅም።

የትልቅ ፓኖራማ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ተራ ፎቶ አንሺው ሊያሳየን የመረጠውን ብቻ ያሳየናል። ፓኖራማ ላይ የሚመርጠው ተመልካቹ ነው። እኔ ፎቶውን ሳነሳ ያቺን ቆርቆሮ አላየኋትም፤ አይቻትም ቢሆን ምንም አትለኝም ነበር።

«ሳተላይት አለ አይደል?» የሚል አይጠፋም። ሳተላይት ጣሪያ ከላይ ያያል እንጂ በረንዳና ግድግዳ አያይም፤ ሰው ደግሞ ቤቱን የሚያስታውሰው ከላይ ወደታች አይቶ አይደለም። «ታዲያ ልማቱን ትቃወማለህ?» ለሚለኝም መልሴ አጭር ነው። በጋራ ሽንት ቤትና በሚያፈስ ጣሪያ ሥር የኖረ ሰው የተሻለ ቤት ይገባዋል። ቤቱ መፍረስ አለበት ከተባለም ግን ምን እንደነበረ ለልጆቹ የሚያሳይ ነገር ይገባዋል። ሁለቱ አይጣሉም።

እንዴት ይነሳል?

ሥራው ከሚመስለው ይቀላል። ካሜራውን ቁመቱን አቁሙት። ብርሃኑን፣ ፎከሱንና የቀለም ሚዛኑን በእጅ አስተካክላችሁ ቆልፏቸው፤ አውቶማቲክ ከሆነ አንዱ ፎቶ ደማቅ ሌላው ጨለማ ይሆናል። ከግራ ወደ ቀኝ እየዞራችሁ እያንዳንዱ ፎቶ ከቀደመው ሲሶ ያህሉን እንዲደግም አድርጉ።

ዋናው ሚስጥር ካሜራው ቦታውን ሳይለቅ መዞሩ ነው። አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑና ጣታችሁን ፊታችሁ ላይ አቁሙ። ራሳችሁን ግራና ቀኝ ስታንቀሳቅሱ ጣታችሁ ከኋላው ካለው ግድግዳ ጋር ሲነጻጸር ቦታ ይቀይራል። ካሜራም እንደዚሁ ነው። እጃችሁን ዘርግታችሁ በስልክ ስትዞሩ ሌንሱ ብዙ ስለሚጓዝ ቅርብ ያለው የመብራት እንጨት ሁለት ቦታ ይቆረጣል። ስለዚህ ትራይፖድ ያዙ፤ ቅርብ ያለ ነገርም ፍሬም ውስጥ አታስገቡ።

መገጣጠሙን ኮምፒዩተሩ ይሠራዋል። የዚህ ጥበብ ትልቁ ባለውለታ እዚሁ ካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዴቪድ ሎው በ1999 «ሲፍት» የተባለውን ዘዴ አወጣ። ዘዴው በፎቶ ላይ ቢጠጋም ቢርቅም፣ ቢዞርም የማይጠፉ ነጥቦችን ይለቅማል። ከዚያ ሎውና ተማሪው ማቲው ብራውን እነዚህን ነጥቦች እያመሳከረ የተደበላለቁ ፎቶዎችን ያለ ሰው እርዳታ የሚገጣጥም «አውቶስቲች» የተባለ ፕሮግራም ሠሩ። ዛሬ «ሀጊን» የተባለውን ነጻ ሶፍትዌር አውርዳችሁ ያንኑ ሥራ ላፕቶፓችሁ ላይ ማሠራት ትችላላችሁ።

እንዴት ይታተማል?

እዚህ ላይ ሂሳቧን እንሥራ። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ሲቆም ስፋቱ 4,000፣ ቁመቱ 6,000 ፒክስል ነው። ሲሶው ስለሚደገም ከመጀመሪያው ቀጥሎ ያለው እያንዳንዱ ፎቶ 2,667 ገደማ ይጨምራል። 10 ፎቶ ማለት 28,000 ፒክስል ስፋት ነው። ጠርዙ ሲከረከም ቁመቱ 5,000 ገደማ ይቀራል። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲታተም 2.37 ሜትር በ42 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ በአፍንጫ ተጠግቶ የሚነበብ ጥራት ማለት ነው። 61 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ጥቅል ወረቀት ይበቃዋል። በ150 ነጥብ ከሆነ 4 ሜትር ከ74 ይደርሳል፤ ይህ ለማኅበር አዳራሽ ግድግዳ የሚሆን ነው።

ማተሚያ ቤት ስትሄዱ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ቀለሙ ፒግመንት መሆኑንና ወረቀቱ አሲድ የሌለው መሆኑን። ባነር ርካሽ ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ይነጣል። ከኋላው ቀኑን፣ የቆማችሁበትን ቦታና የምታውቋቸውን የሰፈርና የቤተ ክርስቲያን፣ የመስጊድ ስሞች በእርሳስ ጻፉበት። ስም የሌለው ፎቶ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ጌጥ ብቻ ነው።

ጥንቃቄም አትርሱ። ድሮን ያለ ፈቃድ ይዛችሁ አትግቡ፤ ጣሪያ ላይ ስትወጡ ባለቤቱን አስፈቅዱ፤ የመንግሥትና የጸጥታ ተቋማት ካሉበት አቅጣጫ ራቁ። አንድ ቅጂ ለወመዘክር ወይም ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ለመስጠት ጠይቁ። የቶሮንቶን ፎቶ ያቆየው የአንሺዎቹ ጉብዝና ብቻ አይደለም፤ ከከተማዋ ውጭ አንድ መደርደሪያ ላይ ሌላ ቅጂ መኖሩ ነው።

ለገና ትኬት የቆረጣችሁ ትራይፖዷን ሻንጣ ውስጥ ጨምሯት። ሰፈራችሁ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ከሆነ ግን ገናን አትጠብቁ። እዚያ ላለ የአክስት ልጅ ዛሬ ማታ ደውሉለትና እንዴት እንደሚያነሳው አስረዱት።