ድመት ቃል ትለምዳለች

በኢሉባቦር፣ በመቱ፣ በጎሬና በያዮ ድመት ወደ ቤት የምትገባው ለሥራ ነው። በቆሎ በጎተራ፣ ቡና በጆንያ ባለበት ቤት አይጥ አይጠፋም። ድመቷም አይጥ ትያዝ እንጂ ሌላ ነገር ብዙም አይጠበቅባትም። ውሻ ሲጠሩት ይመጣል፤ ድመት ግን «እሷ ሰው አትሰማም» ተብላ ትተዋለች። ይህ ግምት ስሕተት ነው። ድመት ስሟን ትለያለች፣ የባለቤቷን ድምፅ ታውቃለች፣ በአግባቡ ካስተማሯትም ቃል ትለምዳለች።

ጃፓናዊቷ ተመራማሪ አትሱኮ ሳይቶና ባልደረባዋ በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 20 ድመቶች የእንግዶችንና የባለቤታቸውን ድምፅ እንዲሰሙ አደረጉ። ድመቶቹ የባለቤታቸውን ድምፅ ለይተው ጆሯቸውንና ራሳቸውን አንቀሳቀሱ፤ ብዙዎቹ ግን ከተቀመጡበት አልተነሡም። መስማትና መታዘዝ ለየቅል መሆናቸው እዚህ ላይ ይታያል። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሳይቶ በርዝመታቸው ከድመቷ ስም ጋር የሚቀራረቡ አራት ቃላት በተከታታይ አሰምታ በመጨረሻ ስሟን ጠራች። ቃላቱ ሲደጋገሙ ችላ ማለት የጀመሩት ድመቶች ስማቸው ሲጠራ እንደገና ነቃ አሉ። ብዙ ድመት በሚኖርበት ካፌ ያደጉት ግን የራሳቸውን ስም ከጓደኞቻቸው ስም አልለዩም። በእንዲህ ያለ ቦታ የብዙ ድመት ስም ይጠራል፤ የትኛውም ስም ቢጠራ ለሁሉም የሚከተለው ያው ሊሆን ይችላል።

የመማሩ ምሥጢር ያለውም በዚሁ «የሚከተለው» ላይ ነው። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1898 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው የተራቡ ድመቶችን መወርወሪያ ባለው ሣጥን ዘግቶ ምግቡን ከውጭ አስቀመጠ። ድመቶቹ መጀመሪያ ሲቧጥጡና ሲንፈራገጡ ቆይተው በአጋጣሚ መወርወሪያውን ነኩት፤ በሩም ተከፈተ። ሙከራው ሲደጋገም ለመውጣት የሚፈጅባቸው ጊዜ እያጠረ ሄደ። ደስ የሚል ውጤት ያስከተለ ድርጊት ይደገማል፣ ያላስከተለው ይተዋል። ለድመት አንድ ቃል ትርጉም የሚኖረው ከቃሉ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ሲመጣ ነው።

ፍርሃት ከሌለ

ከሰው ለመማር መጀመሪያ ሰውን አለመፍራት ያስፈልጋል። የኢሉባቦር ሰው ጥርኝንም ያውቃል። ጥርኝ መልኩ ድመት ቢመስልም ዘሩ ሌላ ነው። ለሽቶ የሚፈለገው ዝባድ የሚገኘው ከእሱ በመሆኑ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሰዎች ለብዙ ዘመን አኑረውታል። ነገር ግን ዛሬም ከጫካ ተይዞ ነው የሚመጣው፤ ለማዳ አልሆነም። ድመት ግን ወደ ሰው የመጣችው በራሷ እግር ነው። የመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት እህል ማከማቸት ሲጀምሩ አይጥ እህሉን ተከተለ፣ የዱር ድመትም አይጡን። በቆጵሮስ ደሴት ከሰው ጎን የተቀበረች የ9,500 ዓመት ድመት ተገኝታለች። የለማዳዋ ድመት አባት የሆነው የአፍሪካ የዱር ድመት ዛሬም በኢትዮጵያ ይኖራል።

ሰውን መልመድ ግን ለእያንዳንዷ ግልገል እንደ አዲስ የሚጀመር ነገር ነው። ከተወለደች ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ድረስ የሰው እጅ በርኅራኄ የነካት ግልገል ሰውን ሳትፈራ ታድጋለች። በዚያ ዕድሜ ሰው ሳይቀርባት ያደገችውን በኋላ ማላመድ በጣም ከባድ ነው። ግልገሎቹን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማቀፍ የትምህርቱ መጀመሪያ ነው።

እሷስ ምን ትላለች?

ያደጉ ድመቶች እርስ በርስ ብዙም «ሚያው» አይባባሉም። ግልገል እናቷን የምትጠራበትን ይህን ድምፅ የቤት ድመት አድጋም ለሰው ትጠቀምበታለች። በእንግሊዝ የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲዋ ካረን ማኮምብ በ2009 እ.ኤ.አ. እንዳሳየችው፣ አንዳንድ ድመቶች ምግብ ሲፈልጉ ኹርር በሚለው የጉሮሯቸው ድምፅ ውስጥ የሕፃን ለቅሶ የሚመስል ቀጭን ድምፅ ይጨምሩበታል፤ ድመት አኑሮ የማያውቅ ሰው እንኳ ይህን ሲሰማ የጥድፊያ ልመና መሆኑ ይገባዋል።

ጅራቷን ሽቅብ አቁማ ስትመጣ ሰላምታ ነው። ጆሮዋን ወደ ኋላ አጣጥፋ ጅራቷን ስታወናጭፍ «ተዉኝ» ማለቷ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ የሰሴክስ ጥናት ደግሞ ባለቤቷ ዓይኑን ቀስ ብሎ ሲጨፍንና ሲከፍት ድመቷም በዚያው መንገድ እንደምትመልስ አረጋግጧል። አፍጥጦ ማየት ግን ያስፈራታል።

እንዴት እናስተምራት?

መጀመሪያ ቤተሰቡ በአንድ ቃል ይስማማ። በመቱ በብዙ ቤት ሁለት ቋንቋ ይነገራል፤ አያት በኦሮምኛ «ኮቱ» ሲሉ የልጅ ልጅ በአማርኛ «ነይ» ይላል። ድመቷ ሁለቱንም መልመድ ትችላለች፤ ሲጀመር ግን አንዱ ይመረጥና ሁሉም በእሱ ይጥራት። ከአንድ እርምጃ ርቀት ቃሉን አንድ ጊዜ ብቻ ይበሉ፤ እንደመጣች ወዲያው የጥፍር ያህል ጉርሻ ይስጧት። ርቀቱን ቀስ በቀስ ይጨምሩ። ትምህርቱ አጭር ይሁን፤ ከሰለቻት ይቁም። በዚያ ቃል ጠርተው መድኃኒት አያጠጧት፣ አይቅጧትም፤ እንዲህ ያለው ነገር የቃሉን ትርጉም ያበላሽባታል።

ቀጥሎ እሷ እኛን እንድትጠራ እናድርግ። ትንሽ ቃጭል በበሩ አጠገብ በቁመቷ ልክ ይሰቀል፤ ሥጋም ነካ ይደረግበት። አሽታ ስታንቃጭለው በሩን ወዲያው ይክፈቱላት። ይህ ሳይዛነፍ ከተደጋገመ ቃጭሉ «ክፈቱልኝ» ማለት ይሆናል። በውጭ አገር አንዳንድ ሰዎች ሲነኩት ቃል የሚናገር ቁልፍ ለድመቶቻቸው ይዘረጋሉ። ድመቷ ቃሉን እንደ ሰው ትረዳዋለች ወይ የሚለው ገና አከራካሪ ነው፤ መንካቷ ምን እንደሚያመጣላት መማሯ ግን ከቃጭሉ የተለየ አይደለም።

ጉርሻው ጨውና ቅመም የሌለው የተቀቀለ ሥጋ ይሁን። የወጥ ትራፊ አይሰጣት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴሎች ያጠፋሉ። በጾም ወራትም የእሷ ድርሻ ይታሰብ፤ ከሥጋ የምታገኘው ታውሪን የተባለ ንጥረ ነገር ሲጎድላት ዓይኗና ልቧ ይጎዳል። «ከጠገበች አይጥ አትይዝም» የሚባለው እውነት አይደለም፤ የጠገበች ድመትም ታድናለች።

ዱላ ድመትን የሚያስተምራት መሸሽን ብቻ ነው። ለማዳ የነበረች ድመት በድንገት ጠባይዋ ተለውጦ ብትናከስ ግን በሽታ፣ ምናልባትም የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ማንም አይንካት። የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ድመቷንም አስቀድሞ ማስከተብ ያስፈልጋል።

ድመት ለዘመናት እህላችንን ጠብቃልናለች። ያልተማረችው መማር ስለማትችል ሳይሆን የሚያስተምራት ስላልነበረ ነው። አንድ ቃል ይምረጡ፣ ቤተሰቡን ያስማሙ፣ ጉርሻውን አያስቀሩባት፤ የምትለዎትንም ያድምጡ።