ዋጋ ሲወርድ የሚገዛው ማን ነው?

አንድ ኩባንያ የራሱን አክሲዮን ከገበያ መልሶ ሲገዛ የአክሲዮኑ ብዛት ይቀንሳል፤ ሳይሸጡ የቀሩት ባለአክሲዮኖችም ድርሻቸው ያድጋል። ድርሻው ያደገ ሁሉ ግን ተጠቀመ ማለት አይደለም። ጥሬ ገንዘቡን ጨምሮ 1,000 ዶላር የሚያወጣ፣ 10 አክሲዮን ብቻ ያለው ኩባንያ እናስብ። የእያንዳንዱ አክሲዮን ትክክለኛ ዋጋ 100 ዶላር ነው። ገበያው ደንግጦ ዋጋውን ወደ 50 ሲጥለው ኩባንያው በ200 ዶላር 4 አክሲዮን ቢገዛ፣ የቀረው 800 ዶላር ለ6 ይካፈላል፤ ለእያንዳንዱ ከ133 ዶላር በላይ ይደርሳል። ገበያው ጠግቦ ዋጋውን 200 ቢያደርሰው ግን በዚያው ገንዘብ የሚገኘው 1 አክሲዮን ነው፤ 800ው ለ9 ሲካፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ወደ 89 ይወርዳል። በመጀመሪያው ሸጦ የወጣው ለቀረው ትቶለት ሄደ፤ በሁለተኛው የቀረው ለወጣው ከፈለ።

እህል ሸማች ምርት ገበያውን በሞላበት በጥር ገዝቶ ጎተራ ያስገባል እንጂ ነሐሴን አይጠብቅም። ታላላቆቹ የአሜሪካ ኩባንያዎች ያደረጉት ግን ተቃራኒውን ነው። በአክሲዮን ገበያ መለኪያው በኤስ ኤንድ ፒ 500 የተካተቱት ኩባንያዎች፣ ገበያው ጣሪያ በነካበት እ.ኤ.አ. በ2007፣ ለመልሶ ግዢ ወደ 590 ቢሊዮን ዶላር አወጡ። መለኪያው ከዚያ ጣሪያ ግማሽ በታች በወረደበት በ2009፣ የዓመቱ ግዢ ወደ 140 ቢሊዮን ገደማ አሽቆለቆለ። ሥራ አስኪያጆቹ ሒሳቡ ጠፍቷቸው አይመስለኝም። ትርፍ ሲሞላ የአክሲዮን ዋጋም ይንራል፣ ባንክም ለማበደር አይሰስትም፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ሦስቱም አብረው ይሸሻሉ። ጉርሻቸው ለአንድ አክሲዮን በሚደርሰው ትርፍ ለሚለካ አለቆች ደግሞ አክሲዮን በውድም ተገዝቶ ቢሆን ብዛቱ መቀነሱ ይበቃል።

«ባንኮች በሚወድቁበት ዘመን ገንዘብን ይዞ መቆየት ጥበብ አይደለም ወይ?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ነው። የ2009ኙ ቁጥብነት ጥፋት አልነበረም፤ ጥፋቱ የተሠራው ካዝናው በውድ ዋጋ በተራቆተበት በ2007 ነው። አስቀድሞ ማሰብ እንደሚቻል የአሜሪካውን ኩባንያ ቴሌዳይንን ይመራ የነበረው ሄንሪ ሲንግልተን አሳይቷል። በ1960ዎቹ አክሲዮኑ ውድ ሳለ አዲስ አክሲዮን እያወጣ ከ100 በላይ ድርጅቶችን ጠቀለለበት፤ ዋጋው ሲወድቅ ፊቱን አዙሮ ከ1972 እስከ 1984 ከኩባንያው አክሲዮኖች 90 በመቶ ያህሉን መልሶ ገዛ። ባለሀብቱ ዋረን ባፌትም በ2011 ይመራው የነበረው ኩባንያ በርክሻየር ሃትአዌይ ከመዝገብ ዋጋው (በሒሳብ መዝገቡ ከሀብቱ ዕዳው ሲቀነስ ከሚቀረው) 110 በመቶ በላይ ከፍሎ እንዳይገዛ ጣሪያ አበጀ፤ ጣሪያው በቀጣዩ ዓመት ወደ 120 ከፍ ቢልም፣ መቼ መግዛት እንደሚገባ የሚወስነው የካዝናው ሙላት ሳይሆን ዋጋው ሆነ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ገበያው ዋጋ የሚጥለው ተሳስቶ ብቻ አይደለም። የቤት ዕቃ ሻጩ ቤድ ባዝ ኤንድ ቢዮንድ ከ2004 ጀምሮ ከ11 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመልሶ ግዢ አፍስሶ በሚያዝያ 2023 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ደንበኛው እየሸሸው ሳለ ርካሽ የመሰለው አክሲዮን በእውነቱ ውድ ነበር። ስለዚህ የዋጋ መውደቅ ብቻውን የግዢ ምልክት ሊሆን አይችልም፤ መመዘን ያለበት ዋጋው ከሥራው አቅም በታች መውረዱና ከግዢው በኋላ ዕዳ የሚከፈልበት ገንዘብ መትረፉ ነው። ይህን ለመመዘን አንባቢ የውስጥ አዋቂ መሆን አያስፈልገውም። የአሜሪካ ኩባንያዎች በየሩብ ዓመቱ ሪፖርታቸው በየወሩ ስንት አክሲዮን በምን አማካይ ዋጋ እንደገዙ ያሳውቃሉ፤ ከዚያው ሰነድ ለሠራተኞች የተሰጡት አዳዲስ አክሲዮኖች ሲደመሩ ጠቅላላው ብዛት በእርግጥ ቀንሶ እንደሆነ ይታያል።