ዕዳችንን የከፈለው ዋሳችን

በዐቢይ ጾም አንድ ምሽት አንድ የቤተ ሰብ አባት ፊታቸው ጠቍሮ ወደ ቤቴ መጡ። ልጃቸው ከማዕድ ላይ፥ «ክርስቶስ ዕዳዬን ከከፈለልኝ፥ እኔም በማመኔ ከጸደቅሁ፥ ጾሙና ስግደቱ ለምን ይሆነኛል?» ብሎ ቢጠይቃቸው መልስ ስላጡ ተቈጥተው ከቤት እንዳስወጡት ነገሩኝ። ይህ ከሆነ ሦስት ቀን ሆኖ ነበር፤ እናቲቱም ዕንባዋ አልደረቀም። እኔም፥ «ጌታዬ፥ የልጅዎ ጥያቄ የክህደት ጥያቄ አይደለም፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ይህን የመሰለውን በሮሜ መልእክቱ አንሥቶ መልሶታል» አልኋቸው። በዚያ ምሽት የተነጋገርነው ለሌሎችም ወላጆች ይጠቅም እንደ ሆነ እነሆ ጻፍሁት።

ቤዛ ማለት ምትክ፥ ስለ ሌላው ፈንታ የሚሰጥ ዋጋ ማለት ነው። በቀድሞው የአገራችን ዳኝነት ባለዕዳና ባለገንዘብ በቍራኛ ይታሰሩ ነበር፤ ይኸውም በሰንሰለት ወይም በልብስ ጫፍ ተቋጥረው፥ ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዋስ እስኪገኝ ድረስ አብረው ይሄዱ ነበር። ዋስ የተገኘለት ግን ይፈታል፤ ባለዕዳው ሳይከፍል ቢቀር ዋሱ ከገዛ ገንዘቡ ይከፍላል። እኛም የአዳም ልጆች ከሞት ጋራ እንዲህ ተቋጥረን ሳለን ክርስቶስ በገዛ ፈቃዱ ዋስ ሆነልን፤ ዕዳውንም በደሙ ከፈለ።

ነገር ግን ሊቃውንት እንደሚሉት ይህ ምሳሌ ዘየሐጽጽ ነው፤ ከምሥጢሩ ያንሳል። እግዚአብሔር ገንዘቡን ካልተቀበለ በቀር የማይራራ አበዳሪ አይደለም፤ ልጁን የላከልን ስለ ወደደን ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያው ቅዱስ አትናቴዎስ ስለ ሥጋዌ በጻፈው መጽሐፍ፥ ቃል ሥጋ የሆነው ስለ ሁሉ ፈንታ ሞቶ የሞትን ሥልጣን ሊሽርና የእግዚአብሔርን መልክ በሰው ላይ ሊያድስ መሆኑን አስተምሯል። በምዕራብ ግን የካንተርበሪው አንሰልም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1098 ዓ.ም. በፈጸመው መጽሐፉ፥ ነገሩን ለተነካ ክብር እንደሚከፈል ካሳ አድርጎ አስረዳ። የእኛ ቋንቋ ግን ሁለቱን ያስታርቃል፤ «ዳነ» የምንለው ከዕዳ ኵነኔ ለተፈታውም ከደዌ ለተፈወሰውም ነውና።

ማርቲን ሉተር በ1522 ዓ.ም. አዲስ ኪዳንን ወደ ጀርመንኛ ሲተረጕም በሮሜ 3፥28 «ብቻ» የምትል ቃል ጨመረ፤ ስለዚህችም ቃል ምዕራባውያን ብዙ ዘመን ተከራከሩ። በ1999 ዓ.ም. የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንና የዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን በአውግስበርግ በጋራ መግለጫ ፈርመው፥ ሰው በእግዚአብሔር ፊት ተቀባይነት የሚያገኘው በጸጋ፥ በክርስቶስም በማመን እንጂ በራሱ ሥራ ዋጋ አለመሆኑን አብረው መሰከሩ። ለእኛም ሰዎች ነገሩ ትናንት የመጣ እንግዳ አይደለም፤ ኢትዮጵያዊው ዲያቆን ሚካኤል በ1534 ዓ.ም. ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋራ ስለ ሃይማኖት ተነጋግሯል።

እንግዲህ ጳውሎስና ያዕቆብ ይጣላሉን? አይጣሉም። ሁለቱም አንዱን አብርሃምን ለምስክር ይጠራሉ። ጳውሎስ የኦሪት ዘፍጥረትን ምዕራፍ 15 ያነሣል፤ አብርሃም ልጅ ሳይኖረው፥ ገና ሳይገረዝ፥ ተስፋውን ቢያምን ጽድቅ ሆኖ ተቈጠረለት። ያዕቆብም ምዕራፍ 22ን ይጨምራል፤ ይስሐቅን ሊሠዋ ወደ ተራራ በወጣ ጊዜ እምነቱ በሥራ ተፈጸመ። ይስማኤል ሲወለድ አብርሃም የ86፥ ይስሐቅ ሲወለድ የ100 ዓመት ሰው ነበረ፤ ስለዚህ በሁለቱ ምዕራፎች መካከል ቢያንስ 14 ዓመት አለ። እምነቱ አስቀድሞ ሥር ሰደደ፥ በኋላም አፈራ። በተራራው ላይ ግን በይስሐቅ ፈንታ የተሠዋውን በግ ያዘጋጀ አብርሃም አይደለም፤ ቤዛው ከእግዚአብሔር ዘንድ ተሰጠ።

በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴም ለጾምና ለምጽዋት ዕድሜ አላገኘም። ሆኖም በቀረችው ጥቂት ሰዓት በደሉን አመነ፥ ባልንጀራውን ገሠጸ፥ ጌታውን ለመነ። እርሱ በሰዓታት ይህን ካፈራ፥ ዓመታት የተሰጡን እኛ ምን ልናፈራ ይገባን ይሆን? በዕለተ ስቅለት የምንሰግደው የጎደለ ዋጋ ልናሟላ አይደለም፤ የተከፈለልንን እያሰብን ነው እንጂ። ጾማችንም ከደዌው የዳነ ሰው ሐኪሙ ያዘዘውን እንደሚጠብቅ ያለ ነው።

በመጨረሻም እንዲህ አልኋቸው፤ «ልጅዎ የተሳሳተው የእምነትን ታላቅነት በመናገሩ ሳይሆን ፍሬውን በመርሳቱ ነው። እርስዎ ግን እየጾሙ ልጅዎን በሰው ደጅ ካሳደሩ፥ ፍሬው ከእርስዎስ ዘንድ የት አለ?»

ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ ኩታቸውን አንሥተው ወጡ። ልጁ ከአጎቱ ቤት ነበርና በዚያው ሌሊት ሄደው አመጡት። በሳምንቱ አባትና ልጅ አብረው መጡ፤ የልጁ ጥያቄ ገና አላለቀም ነበር፤ አባቱ ግን አጠገቡ ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር።

ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችሁ ስለ ሃይማኖታቸው ሲጠይቋችሁ አትቈጡ። መልሱን ባታውቁት፥ «አብረን ሄደን መምህር እንጠይቅ» ማለት ነውር አይደለም። ሳንከፍል የዳንን ሁላችን ባለዕዳዎች ነበርንና፥ እርስ በርሳችን በቍራኛ አንያያዝ። የቤዛችን ጸጋ ከቤታችን አይራቅ፤ አሜን።