ስለ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በ1914 ዓመተ ምሕረት በጅማ ተወለዱ። በ1928 በአዲስ አበባ በአራዳ የቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ማኅበር ሲቋቋም፥ ገና ልጅ ሳሉ ገቡበት። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ጣሊያን ከተማይቱን ያዘ፤ የማኅበሩንም ስም ሽሮ «ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር» አሰኘው። ስሙ የተመለሰው ከነጻነት በኋላ ነው። እርሳቸውም ለዚሁ ማኅበር እስከ 1950 ድረስ ተጫወቱ፤ በየዓመቱ ቡድን የሚለውጥ ተጫዋች ማየት ለለመደ ሰው 23 ዓመት እጅግ የሚያስደንቅ ነው።

ከሜዳ ገና ሳይወጡ፥ በ1949 የአፍሪካ እግር ኳስ ማኅበር በካርቱም ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። የደቡብ አፍሪካ ሹማምንት ነጭና ጥቁር በአንድነት የሚጫወትበትን ቡድን አንልክም ቢሉ፥ ከውድድሩ ተወገዱ። አቶ ይድነቃቸውም በ1964 የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በ1979 እስኪያርፉ ድረስም፥ ጥቁሩን ከነጩ የሚለይ አገር በአፍሪካ ሜዳ አይጫወትም ብለው ጸኑ።