ከስሜን ደጋ ለሚወርድ ምግብ አዋቂ የትኛው የባሕር ዳርቻ ይስማማዋል?

ወጣቱ ሠራተኛ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው ሲዛወር፥ ወይም ተማሪው ትምህርቱን ጨርሶ የሚሰፍርበትን ስፍራ ሲያማርጥ፥ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ደመወዙ፥ ቀጥሎም ስለ ቤት ኪራዩ ነው። «በዚያ ከተማ ምን ይበላል?» ብሎ የሚጠይቅ ቢገኝ ግን ባልንጀሮቹ ሆዳም ይሉታል። ይህ አነጋገር ሆዳምንና ምግብ አዋቂን ካለመለየት የመጣ ነው። ሆዳም ማለት ያገኘውን ሁሉ ያለ ልክ የሚውጥ ነው፤ ምግብ አዋቂ ግን ሽሮው ከምን እህል እንደ ተፈጨ፥ ቅቤው በምን ቅመም እንደ ተነጠረ ለይቶ የሚያውቅ፥ ጥቂት በልቶም የሚረካ ሰው ነው። ሰው በአንድ ከተማ ሃያ ዓመት ቢቀመጥ፥ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ እንኳ ቢመገብ፥ ከ14,000 ጊዜ በላይ ገበታ ይቀርባል። ስለዚህ ጉዳይ አስቀድሞ ማሰብ ብልህነት እንጂ ነውር ሊባል አይገባውም።

ለዛሬው ጨዋታችን ምሳሌ የምናደርገው የደረስጌን፥ የደባርቅንና የዳባትን ወጣት ነው። ደረስጌ በታሪክ የታወቀች ናት፤ ደጃዝማች ውቤ ባሠሯት በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ዘውድ ጭነውባታል። የአካባቢው ምግብ ግን እንደ ታሪኩ አልተነገረለትም። በስሜን ደጋ የገበታው ጌታ ገብስ ነው፤ እንጀራው፥ ቆሎው፥ በሶው፥ ጠላው ሁሉ ከእርሱ ይወጣል። ባቄላና ድንችም ይከተላሉ። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች በመሆኗ ውሃ የሚፈላባት በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባቄላው ቶሎ አልበስል የሚለውም በማገዶው ጥፋት ሳይሆን በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን ብርድና ይህን ገብስ ለምዶ ያደገ ወጣት ወደ ውሃ ዳር ሲወርድ አፉም ሆዱም እንደገና ትምህርት ቤት ይገባሉ።

ታዲያ ወደ የትኛው ውሃ ይውረድ? ቀድሞ ቢሆን መልሱ ምጽዋ ወይም አሰብ ሊሆን ይችል ነበር። በምጽዋ የቀይ ባሕር ዓሣ እንደ የመኖች አሠራር ተሰንጥቆ፥ በርበሬ ተቀብቶ፥ በጋለ ምድጃ ተጠብሶ ከሰፊ ቂጣ ጋር ይቀርባል። ነገር ግን ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች አገር ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የራሷ የባሕር ጠረፍ የላትም። ይሁን እንጂ አማርኛችን ታላቁን ሐይቅም «ባሕር» ብሎ ይጠራዋል፤ በጣና ዳር ያለችው ከተማም ስሟ ባሕር ዳር ነው። እንግዲህ በቋንቋችን ልማድ ሐይቆቻችንን ባሕር ብለን ሦስት ከተሞችን እንመርምር።

የመጀመሪያዋ አርባ ምንጭ ናት። ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች አጠገብ የተቀመጠች፥ ሙዝና ማንጎ የማይታጣባት ከተማ ናት። የጫሞ ኩራት ናይል ፐርች የሚባለው ዓሣ ነው፤ ዕድሜ ካገኘ ከሰው ክብደት የሚበልጥ ሲሆን፥ ሥጋው አጥንት ስለማይበዛበት በዱቄትና በእንቁላል ተለውሶ ለሚጠበሰው ኮተሌት የተመቸ ነው። በአካባቢው የሽፈራው ቅጠል እንደ ጎመን ተቀቅሎ ከኩርኩፋ ጋር ይበላል። ለምላስ አርባ ምንጭ የሚያህል የለም ለማለት ይቻላል። ነገር ግን ሙቀቱ ለስሜን ሰው ብርቱ ነው፤ ወባም አለ፤ መንገዱም ከደባርቅ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

ሁለተኛዋ ሐዋሳ ናት። አሞራ ገደል በሚባለው የሐይቁ ዳር ጀልባዎች ዓሣቸውን ያራግፋሉ፤ ገዢውም እዚያው ቆሞ ሙሉውን ዓሣ አስጠብሶ፥ ሾርባውን በሙቁ ጠጥቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። የሲዳማ ሕዝብ ከእንሰት የሚያዘጋጀው ቡርሳሜ፥ ቅቤ በልግስና የሚገባበት ሆኖ፥ ቆጮን ለማያውቅ ደገኛ ታላቅ ትምህርት ነው። አየሩም ከአርባ ምንጭ ይልቅ ለዘብ ያለ ነው። ሆኖም ሐዋሳ ከደባርቅ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀች በመሆኗ፥ እናቱ የምታዘጋጅለት በሶ የሚደርሰው በዓመት አንድ ጊዜ ቢሆን ነው።

ሦስተኛዋ ባሕር ዳር ናት። ከደባርቅ እስከ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፥ ከጎንደር እስከ ባሕር ዳር ደግሞ 180 ገደማ ነው፤ መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ገብሱም ባቄላውም ከባለቤቱ ጋር አብሮ ሊወርድ ይችላል። በመንገዱ ላይ የፎገራ ሜዳ አለ፤ ሩዙ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይሆናል፤ ላሟም በወተቷ የተመሰገነች ናት። ከጎጃም በኩል ጤፍና ማር፥ ከዘጌ ደግሞ ቡና ይመጣል። ከጣና የሚወጡት ዓሦች በሦስት ወገን ይከፈላሉ፤ ለጥብስ የሚመረጠው ቀረሶ፥ ለጉላሽ የሚመቸው ነጭ ዓሣ፥ ቅርፊት የለውም ተብሎ ብዙ ሰው የማይቀምሰው አምባዛ ናቸው። ልብ በሉ፤ በጫሞ ነጭ ዓሣ የሚባለው ያው ናይል ፐርች ሲሆን፥ በጣና ግን ፍጹም ሌላ ዓሣ ነው።

እንግዲህ በምን እንምረጥ? እንግዳ ሆኖ በሄዱበት ቀን የበሉት ምሳ ዳኛ ሊሆን አይችልም። ዳኛው የዓመቱ ሙሉ ገበታ ነው። የሚጾም ሰው ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ ያሳልፋል። በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለንስሓ አባት እንተወውና፥ በገበያ የሚታየው በሁዳዴ የዓሣ ፈላጊ የሚበዛ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከተማ የሚመርጥ ሰው ገበያውን አንድ ጊዜ በፍስክ፥ አንድ ጊዜ በጾም፥ አንድ ጊዜም በክረምት ቢያየው መልካም ነው። ዓሣ ሲገዛም ዓይኑ የጠራ፥ ስንጥቡ የቀላ፥ በጣት ሲጫኑት ሥጋው ተመልሶ የሚነሣ መሆኑን ይመልከት። ደጋ ያደገ ሰው ይህን የሚያስተምረው የለውምና።

በዚህ ሚዛን ሲለካ ለስሜኑ ወጣት የምትስማማው ባሕር ዳር ናት። ምክንያቱም አዲሱን ምግብ እየተማረ የቀድሞውን ሳይረሳ መኖር የሚችልባት እርሷ ናት። ወባ በዚያም ስላለ አጎበር አይርሳ እንጂ፥ የጠዋት ቁርሱ የደባርቅ በሶ፥ ምሳው የጣና ዓሣ፥ ቡናው የዘጌ ሊሆን ይችላል።

ይሁን እንጂ አንድ ከባድ ነገር ቀርቷል። በጣና ነጭ ዓሣ ውስጥ በዓለም ሌላ ስፍራ የማይገኙ 15 ያህል ዓይነቶች አሉ። እነዚህ ዓሦች አብዛኞቹ በነሐሴና በመስከረም እንደ ጉማራ፥ ርብና መገጭ ወዳሉት ወንዞች ወጥተው ይራባሉ። ጥንት በደንገል ታንኳ ይሠራ የነበረው ዓሣ ማስገር ከ1978 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሞተር ጀልባና በናይለን መረብ ተጠናከረ፤ መረቡም በመራቢያ ወራት በወንዞቹ አፍ ላይ ይዘረጋ ጀመር። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት መካከል በባሕር ዳር ወሽመጥ የተደረገው ጥናት የነጭ ዓሣው ክምችት በክብደት ሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው አረም የሐይቁን ዳር ወሯል። የዓሣ ሀብትን ስለ መጠበቅ አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፤ ነገር ግን አዋጅ ብቻውን መረብ አያነሣም።

ስለዚህ በውሃ ዳር ከተማ የሚሰፍር ምግብ አዋቂ ግዴታ አለበት። በነሐሴና በመስከረም ነጭ ዓሣ ከመግዛት ይቆጠብ፤ በእነዚያ ወራት ቀረሶ ወይም ሽሮ ይብላ። ገና ያላደገ ትንሽ ዓሣ ሲያቀርቡለት አልፈልግም ይበል። በመሥሪያ ቤት የተቀመጠው ወጣት ሹም ደግሞ ሕጉ ከወረቀት ወጥቶ እስከ ወንዙ አፍ እንዲደርስ ይሥራ፤ በሐይቁ ለሚተዳደረው ዓሣ አስጋሪም በተከለከለው ወራት የሚኖርበትን ያስብለት። ከሳሽ ብቻ ሆኖ መገኘት ቀላል ነው፤ የአስጋሪው ልጆችም ግን በልተው ማደር አለባቸው።

ከደረስጌ ተራራ ለምትወርድ ወንድሜ፥ ለምትወርጂም እኅቴ፥ ምክሬ ይኸው ነው። በሶውን በከረጢት ያዙ፤ ወደ ጣና ውረዱ፤ ዓሣውን በልታችሁ አመስግኑ። ከሃያ ዓመት በኋላ ከደጋው ለሚከተሏችሁ ታናናሾቻችሁም ከዚያው ሐይቅ የሚበላ ዓሣ እንዲቆያቸው አድርጉ።