በደረቀ የቡና ግንድ ላይ ስለሚታዩ ጥቃቅን ጥቋቍር ነጥቦች

በሐዋሳ ከተማ ዙሪያ ባሉት በሲዳማና በጌዴኦ አገሮች የብዙ ሰው ኑሮ በቡናና በእንሰት የቆመ መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ አንድ የቡና ዛፍ ቆሞ ሲደርቅ ባለቤቱ «ፀሐይ መታው» ብሎ ቢተወው፤ ወይም ቈርጦ ለማገዶ ወደ ቤቱ ቢወስደው፤ ጉዳቱ በአንድ ዛፍ ላይ የሚቀር አይደለም። ይነቀል ወይም ይቈይ የሚለው ትእዛዝ የሚወጣው ከሹማምንት ነውና፤ እነርሱም ምክንያቱን ማወቅ ይገባቸዋል።

ቡናን ከግንዱ የሚያደርቀው በሽታ ጂበሬላ ዛይላሪዮይድስ ከሚባል ፈንገስ ይመጣል። ይህ ፈንገስ በገጀራ ወይም በመቈፈሪያ በቈሰለው የግንድ ግርጌ ገብቶ፤ ውሃ ከሥር ወደ ቅጠል የሚወጣበትን መንገድ ይዘጋል። ዛፉ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ በአንድ ወገን ይጠወልጋል፤ ቅጠሉም ይረግፋል፤ በኋላም ፈጽሞ ይደርቃል። ቅርፊቱን በቢላዋ ቢፍቁት ከበታቹ ያለው እንጨት ቡናማ ወይም ወደ ጥቍረት ያደላ ሰማያዊ ሆኖ ይገኛል። የታመመውን ዛፍ የሚያድን መድኃኒት የለም።

ዳሩ ግን በደረቀ እንጨት ላይ የሚበቅል ፈንገስ ኹሉ ጠላት አይደለም። አብዛኛው የሞተውን እንጨት አበስብሶ ወደ አፈርነት የሚመልስ የእርሻ አገልጋይ ነው። አርሚላሪያ የሚባለው ሌላ ፈንገስ ደግሞ ቡናን ከሥሩ ይገድላል፤ ምልክቱ ግን ከሥሩ ቅርፊት በታች እንደ ስስ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎ በዐይን ይታያል። የጂበሬላ ፍሬዎች ግን በሞተው ዛፍ ግርጌ፤ በቅርፊቱ ስንጥቅ ውስጥ፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞሉ ጥቍር ሐምራዊ ነጥቦች ናቸው። እነዚህን ከሌሎች ጥቋቍር ነጥቦች የሚለያቸው ማይክሮስኮፕ ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። መርማሪው አንዱን ነጥብ በመርፌ አንሥቶ በመስተዋት ላይ ካለ የውሃ ጠብታ ውስጥ ያኖረዋል፤ በሌላ ስስ መስተዋትም ከድኖ በቀስታ ይጨፈልቀዋል። 400 ጊዜ አጕልቶ ሲመለከተው ረዣዥም ከረጢቶች ይታዩታል፤ በእያንዳንዱም ከረጢት ውስጥ 8 ዘሮች አሉ። እንዲህ ያለ ከረጢት ግን ለብዙ ፈንገሶች የጋራ ስለ ሆነ፤ መርማሪው የዘሩን መልክና ልክ ጨምሮ ያያል። የጂበሬላ ዘር ርዝመቱ ከሺሕ የተከፈለ ሚሊ ሜትር ከ12 እስከ 15 እጅ ያህል ነው፤ በውስጡም ከ1 እስከ 3 መከፋፈያ አለው።

ስሙን መሳሳት ቀላል መሆኑን ታሪኩ ያስረዳል። በሽታው በመካከለኛው አፍሪቃ በ1927 ታየ። በአገራችን በ1957 በከፋ በተመረመረ ጊዜ የሌላ ዘመድ ፈንገስ ስም ተሰጥቶት ነበር፤ እውነተኛው ስሙ በ1973 በምርመራ ተረጋገጠ። ከ1993 ጀምሮ ደግሞ በዑጋንዳ ቡና ላይ ብዙ ጥፋት አደረሰ። (ዘመናቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

እንግዲህ አዲስ የተተከለ ቡና ፍሬ እስኪሰጥ ከ3 እስከ 4 ዓመት ይፈጃል። ያለ ምርመራ ጤነኛውን የሚያስነቅል ትእዛዝም፤ የታመመውን የሚያስቀር ዝምታም ገበሬውን እኩል ይጐዳሉ። ስለዚህ የሚከተለው እንዲፈጸም ያስፈልጋል።

1ኛ፤ በበሽታው የደረቀ ዛፍ ከነሥሩ ተነቅሎ በዚያው በቆመበት ስፍራ ይቃጠል፤ ለማገዶም ለአጥርም አይወሰድ።

2ኛ፤ በግንዱ ዙሪያ ያለው አረም በእጅ ይነቀል እንጂ በገጀራ አይመንጠር፤ የታመመ ዛፍ የነካ መሣሪያም በእሳት ሳይተኰስ ሌላውን አይንካ።

3ኛ፤ ዛፉ ከመቃጠሉ በፊት ከግርጌው አንድ ጣት የሚያህል ቅርፊት ከነእንጨቱ ተቈርጦ በደረቅ ወረቀት በሚገባ ይጠቅለል፤ ላስቲክ ያልበዋልና አይሁን። የቀበሌው ስም፤ ቀኑና የታመሙት ዛፎች ቍጥር ተጽፎበት ለዕፀዋት በሽታ መርማሪዎች ይላክ።

በ1976 በሐዋሳ የተቋቋመው የእርሻ ኮሌጅ ዛሬ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ነው፤ ስለዚህ ለዚያ አካባቢ ሹማምንት ዕውቀቱ ሩቅ አይደለም። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነውና፤ የመጀመሪያው ዛፍ በደረቀበት ሳምንት እንዲመረመር ማድረግ የሹሙ ፋንታ ነው።