ስለ ሐማት ገደር ፍል ውሃና ስለ ሕሙማኑ

ከጥብርያዶስ ባሕር በስተደቡብ ምሥራቅ፥ የያርሙክ ወንዝ ወደ ዮርዳኖስ ከመቀላቀሉ በፊት በሚያልፍበት ጥልቅ ሸለቆ፥ ሐማት ገደር የሚባል የፍል ውሃ ስፍራ ይገኛል። ዐረቦች ኤል ሐማ ይሉታል። «ገደር» የተባለው በስተደቡብ ከተራራው ላይ ስለ ነበረችው ስለ ጥንታዊቱ ከተማ ስለ ገዳራ ነው፤ «ሐማት» ማለት ግን ፍል ውሃ ማለት ነው።

ይህ ስም ለግእዝ ተማሪ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በዕብራይስጥና በዐረብኛ ከዚህ ሥር ሙቀትን፥ ፍል ውሃንና መታጠቢያ ቤትን የሚያመለክቱ ቃላት ይወጣሉ፤ በግእዝ ግን ሐመ፥ ማለት ታመመ፥ የሚለው ግሥ፥ ሕማምና ሕሙም የሚሉትም ቃላት ይገኛሉ። ኹለቱን ፍቺዎች የሚያገናኛቸው ትኵሳት ነው፤ ዐረቦች ትኵሳትን ሑማ ይሉታልና። እንግዲህ ስሙ ሙቀትንና ሕማምን ባንድነት የያዘ ነው፤ የስፍራውም ታሪክ እንደዚሁ ነው።

ምንጮቹ አምስት ናቸው፤ ከኹሉ የሚበልጠው ሙቀት 50 ዲግሪ ያህል ይደርሳል። የዝናም ውሃ ወደ ምድር ጥልቅ ሰርጎ ከጋለ በኋላ በስንጥቁ በኩል ተመልሶ ይፈልቃል። በአዋሽ ዳር የሶደሬን ፍል ውሃ ያየ ኢትዮጵያዊ ይህን ነገር በቀላሉ ያስተውለዋል።

በኹለተኛው መቶ ዓመት (ዘመኑ ኹሉ በኤውሮጳውያን አቆጣጠር ነው) ሮማውያን በዚያ ታላቅ የመታጠቢያ ሕንፃ ሠሩ። በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ኤጲፋንዮስ ወንድና ሴት ባንድነት የሚታጠቡበትን የዚያን ስፍራ ዓመታዊ ጉባኤ ነቅፎ ጽፏል። በአምስተኛው መቶ ዓመት ግን ንግሥት አውዶክያ ውሃውን የምታመሰግንበት የግሪክ ግጥም በድንጋይ ተቀረጸ።

በ570 ገደማ ከኢጣልያ ከፒያቼንሳ የመጣ አንድ ተሳላሚ ስፍራውን «የኤልያስ መታጠቢያ» ብሎ ጠራው። እርሱ እንደሚተርከው፥ ለምጻሞች በእንግዳ ማረፊያው ከሕዝብ ገንዘብ ይመገቡ ነበር። ሲመሽ ገንዳው ይሞላል፤ ደጆቹ ይዘጋሉ፤ ሕሙማኑም መብራትና ዕጣን ይዘው በጓሮ በር ገብተው ሌሊቱን በውሃው ውስጥ ተቀምጠው ያድሩ ነበር። ከሌላው ሕዝብ የተለዩት ሰዎች የነገሥታቱ ሕንፃ የሚከፈትላቸው በሌሊት ነበር። ኾኖም ይከፈትላቸው ነበር፤ ምግባቸውም አይጎድልም ነበር።

ከዚያ በኋላ አገሩ ለእስላሞች መንግሥት ተገዛ። በታኅሣሥ ወር 662 የተጻፈ የግሪክ ጽሕፈት፥ ሕንፃው በከሊፋው በሙዓውያ ዘመን ለሕሙማን ፈውስ ሲባል እንደ ታደሰ፥ ሥራውንም የገዳራ ሰው ዮሐንስ እንደ ተቈጣጠረ ይናገራል። የጽሕፈቱ መጀመሪያ የመስቀል ምልክት ነው። በእምነት የተለያዩት ሰዎች ለሕመምተኛው ሲሉ በአንድ ሥራ ተገናኙ። በ749 የኾነው የምድር መንቀጥቀጥ ግን ታላቁን ሕንፃ አፈረሰው።

ፍርስራሹ ከ1979 እስከ 1982 ተቈፍሮ ተጠንቷል። ስፍራው ከ1967 ጀምሮ በእስራኤል እጅ ነው፤ ገዳራ ግን ኡም ቀይስ ተብላ በዮርዳኖስ መንግሥት ውስጥ ትገኛለች፤ በመካከል ያለውም ወንዝ ድንበር ነው።

ወደዚያ የሚሄድ ተሳላሚ ኹለት ነገር ያስተውል። አንደኛ፥ ኤልያስ በዚያ ስለ መታጠቡ መጽሐፍ አይናገርም፤ ስለዚህ ፍል ውሃውን ከጠበል ጋር አያምታታ፤ የልብ ሕመም ያለበትም ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይግባ። ኹለተኛ፥ ዕብነ በረዱን አይቶ ብቻ አይመለስ። የንግሥቲቱን ምስጋና በሰማበት አዳራሽ፥ ስማቸው በድንጋይ ያልተጻፈላቸውን፥ ነገር ግን ሕንፃው ስለ እነርሱ የታደሰላቸውን ሕሙማን ያስብ።